ዘፈኑ ሲመጣ ተውኔቱ ለምን ይቆማል?

አንድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጄ «ከሙዚቃዊ ተውኔቶች ሁሉ አብልጠህ የምትወደው የትኛውን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በውጭ አገር ጥቂት ዓመታት ተቀምጦ የተመለሰ ሰው ነውና፣ በለንደንና በኒው ዮርክ አዳራሾች ያያቸውን ሊቆጥርልኝ መንገድ እየጠረገ እንደ ነበር ገብቶኛል። ቀደም ብዬ መለስኩለት፤ አንደኛው በቡሬ ዙሪያ በአንድ የገበሬ ሠርግ ላይ ያየሁት ነው፤ ሁለተኛው ፍኖተ ሰላም በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ያየሁት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ነው አልኩት። ሳቀ። «እነዚህማ ሙዚቃዊ ተውኔት አይደሉም» አለ። ይህች ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የተሰጠች መልስ ናት።

መለኪያዬ አንዲት ናት። ዘፈኑን ከመካከል መዝዘን ብናወጣው ታሪኩ ይጎድላል ወይስ አይጎድልም? ገጸ ባሕርዩ ወደ ዘፈኑ ሲገባ የነበረው ልብና ከዘፈኑ ሲወጣ ያለው ልብ አንድ ከሆነ፣ ያ ዘፈን ለተውኔቱ ማጣፈጫ እንጂ አካሉ አይደለም። በዚህ መለኪያ ስንመዝን በየአዳራሾቻችን «ሙዚቃዊ» ተብለው የሚለጠፉት ብዙዎቹ ይወድቃሉ። ተዋናዩ ንግግሩን ይጨርሳል፤ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ዘፋኙ ይገባል፤ እስክስታው ይወርዳል፤ ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ከዚያ ተውኔቱ ካቆመበት ይቀጥላል። በመካከሉ ያረጀ የለም፣ የተጣላ የለም፣ የታረቀም የለም። ብሬኽት የተባለው ጀርመናዊ ጸሐፌ ተውኔትም በዘፈን ተውኔቱን ያቆመው ነበር፤ እርሱ ግን የሚያቆመው ተመልካቹ እንዲያስብ ነው። የኛዎቹ ተመልካቹ እንዲያርፍ ያቆሙታል።

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣ።

ጊዜው በ1990ዎቹ አጋማሽ (በኛ አቆጣጠር) ነው። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ዳሱ በባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሎ በቅጠል ተሸፍኗል፤ መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። አዝማሪዎቹ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እርሱ መሲንቆውን ይገዘግዛል፣ እርሷ ትቀበለዋለች። እስከ እኩለ ሌሊት የነበረው የተለመደው ሙገሳ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለካስ በሁለቱ ዘመዳሞች መካከል ስለ ማጫ ነገር ቂም ነበር፤ የወንዱ ወገን ሊያመጣ ከተስማማው ከብት አንዲት ጊደር ጎድላ ኖሯል። ሽማግሌ ስለ ከለከላቸው በቃል የተነጋገረ የለም። የሙሽራዋ አጎት ተነሥተው ለአዝማሪው ግጥም ሰጡ፤ ላዩ ስለ በረት ስፋት የሚያወራ፣ ውስጡ የጎደለውን የሚቆጥር ቅኔ ነው። አዝማሪው ተቀበለና ዘፈነው። ዳሱ ጸጥ አለ። የሙሽራው አባት ቀስ ብለው ተነሡ፤ እርሳቸውም መልሳቸውን በግጥም ሰጡ፤ ያው አዝማሪ፣ በዚያው መሲንቆ፣ በዚያው ዜማ እርሱንም ዘፈነላቸው። ሁለት አዛውንት ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ በአንድ ሰው አፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ።

ነገሩ ሊከር ሲል ሚስትየዋ ባሏን በእጇ ነካ አድርጋ ዝም አሰኘችው። መሲንቆው ብቻ ቀረ። ከዚያም ማንም ግጥም ሳይሰጣት፣ በነጠላ ተሸፍና እንደ ድንጋይ በተቀመጠችው ሙሽራ ስም ማዜም ጀመረች። ሙሽራዋ ልትለው የማይፈቀድላትን ሁሉ አለችው፤ እኔ የምቆጠረው ከከብቱ ጋር ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ የአባቷን ቤት ደጅ ተሰናበተች። ሴቶቹ ከጓዳ ወጥተው ቆሙ። አጎትየው ሻሻቸውን አውጥተው ዐይናቸውን ጠረጉ። የሙሽራው አባት ሄደው በሴትዮዋ ግንባር ላይ ብር ለጠፉና፣ ጊደሯን ለመስቀል እንደሚያመጡ በሰው ሁሉ ፊት ቃል ገቡ።

ወዳጄ ሆይ፣ እስኪ ይህንን በመለኪያው መዝነው። ገጸ ባሕርያት አሉ፤ ግጭት አለ፤ መጠምዘዣ አለ፤ መፍቻ አለ። ዘፈኑን ብታወጣው የሚቀርህ በየጥጉ ተኳርፎ ጠላ የሚጠጣ ሰው ብቻ ነው።

ይህንን የምለው አዝማሪን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። የአገራችን ዘመናዊ ተውኔት ታሪክ ራሱ ከዚህ የራቀ አይደለምና ነው። የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉት በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንደ ሆኑ፣ ይኸውም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ መታየቱን እናውቃለን። በአውሬ ተመስሎ ሹም የተተቸበት ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ተውኔት እስከ 1923ቱ ንግሥ ድረስ ዝም ተሰኝቶ ቆየ። ዝምታው ሲሰበር ብቅ ካሉት መካከል ዋነኛው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ ደብረ ኤልያስ ደግሞ ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ይቆጠር እንጂ ከኛ ዞን ጋር ወሰን ለወሰን ነው። ያደጉት በቅኔ ቤት ነው፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይን ከመምህር አፍ የተቀበሉ፣ ከበሮና ጸናጽል የለመዱ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ገብተው ተውኔት ሲጽፉ፣ ንግግሩን ከዜማ ለይተው መጻፍ የሚችሉ አልሆኑም። «አፋጀሽኝ»ን ጨምሮ ተውኔቶቻቸው በግጥምና በመዝሙር የተሞሉ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሱትም እርሳቸው፣ ዜማውን ያወጣው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን እንደ ሆነ ሲነገር ኖሯል። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ ስለ ሕይወታቸውና ስለ ጽሑፋቸው ያዘጋጀውን ጥናት ያላነበበ የጎጃም ልጅ ካለ፣ ፈልጎ ያንብብ እላለሁ።

እንግዲህ ተውኔታችን ሁለት አባት አለው ማለት ነው። አንደኛው ከውጭ የመጣው የንግግር ተውኔት ነው፤ ሁለተኛው ከቅኔ ማኅሌት የወጣው የዜማ ተውኔት ነው። የሁለተኛው ልጅ ለምን ቀጨጨ የሚለው ነው የሚቆጨኝ።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ጠላት ደጃፍ ላይ ነበር፤ ሕዝቡን ለማንቃት ንግግርና መዝሙር ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ከነጻነት በኋላም በሀገር ፍቅር መድረክ ተውኔት፣ ዘፈን፣ ጭፈራና ፉከራ በአንድ መርሐ ግብር ይቀርቡ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር (የዛሬው ብሔራዊ ትያትር) በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት፣ ቤቱ ኦርኬስትራም ተዋንያንም ነበሩት፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በዚያ ቤት ሙዚቃውን ሲመራ ኖሯል። ከሁሉ በላይ ግን አስናቀች ወርቁ ነበረች። አስናቀች ተዋናይት ናት ወይስ ክራር ደርዳሪ ዘፋኝ? መልሱ አንድ ነው፤ ሁለቱንም ናት። ሴት በመድረክ መቆሟ ነውር በነበረበት ዘመን ቆማ ተውናለች፤ በዚያው እጇ ክራር ደርድራለች። በ2004 ዓ.ም. መባቻ ላይ ስታርፍ፣ ለብቻዋ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት የነበረች ሴት አርፋለች ብዬ ጽፌ ነበር፤ ማንም አላተመልኝም እንጂ።

ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ቤቶቹ ውስጥ በር ተዘጋ። የተውኔት ክፍል አለ፤ የባህል ሙዚቃ ክፍል አለ፤ የዘመናዊ ሙዚቃ ክፍል አለ። አንዱ በአንዱ ቀን ይሠራል። ጸሐፌ ተውኔቱ ዘፈን ሲያስፈልገው ከጎረቤት ክፍል ይዋሳል፤ የተዋሱት ዕቃ ደግሞ እንደ ተዋሱት ዕቃ ነው የሚያዘው። ፍሥሐ በላይ ይማም «አልቃሽና ዘፋኝ» የሚል ርዕስ ያለው ተውኔት ጽፏል፤ እኔ ያንን ርዕስ ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ አንድ መድረክ ላይ የቆሙ ሁለት የዜማ ሙያተኞች ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከብሬኽት ተነሥቶ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ሲጽፍም ዘፈን የሚሸከም ተውኔት በአማርኛ እንደሚቻል አሳይቷል። ጥቂቶች ናቸው፤ ግን አሉ።

በደርግ ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ኪነት። ጎጃም ግሽ ዓባይ ነበረው፤ ጎንደር ፋሲለደስ፤ ወሎ ላሊበላ። በየአውራጃው፣ በየቀበሌው ሳይቀር ቡድን ነበር። ስለ ኪነት ሲነሣ መፈክሩ ብቻ የሚታወሳቸው ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው፣ መፈክር ብዙ ነበር። ዳሩ ግን ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን፣ የገበሬ ልጅ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው በኪነት ነው። መድረኩ ከሳንቃ ይሠራ ነበር፤ መብራቱ ፋኖስ ነበር። ጭፈራው፣ ድራማውና ቀረርቶው አይነጣጠሉም ነበር፤ ለመለያየት የሚያስችል ክፍልም ሆነ በጀት አልነበራቸውምና። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ኪነቱም አብሮ ተበተነ። መፈክሩን ጥለን መድረኩን ብናስቀር ምን ነበረበት? ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፤ እግዜር ይስጠው። ከባሕር ዳር እስከ ሽንዲ፣ ከባሕር ዳር እስከ ደንበጫ ያለው ሰው ግን ሙሉዓለምን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው።

ሁለተኛው ተውኔቴ የትምህርት ቤት ነው። በዚያን ዘመን በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ነበር፤ በሰልፍ ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ይጮኻል፣ ዓርብ ዓርብ ድራማ ይቀርባል። ተውኔቱ የተለመደ ነው፤ አንዲት የገጠር ልጅ ወደ ቡሬ ትሄድና ቡና ቤት ትቀጠራለች። ቡሬ የነቀምቴና የባሕር ዳር መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ የጭነት መኪና ነጂ ያድርባታል። ቀሪውን ታውቁታላችሁ። የደራሲዎቹ ብልሃት ግን ተራኪ ማስቀረታቸው ነበር። በተራኪው ፈንታ ዐሥር ልጆች የቡሄን የመሰለ ዜማ ይዘው በዱላ መሬት እየመቱ ታሪኩን ይገፉታል። ልጅቱ ከቤቷ ስትወጣ እነርሱ መንገዱ ናቸው፤ ቡሬ ስትደርስ እነርሱ ከተማዋ ናቸው፤ ስትታመም ሐሜተኛው ጎረቤት እነርሱው ናቸው።

በመጨረሻው ትዕይንት እናቲቱን የምትሠራው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሙሾ ማውረድ ነበረባት። ጀመረች። የተጻፈላትን ሁለት ስንኝ ጨረሰች። አላቆመችም። እኛ ተማሪዎቹ ያላወቅነውን ሜዳው ዳር የቆሙት እናቶች ያውቁት ኖሯል፤ ልጅቱ በዚያው ዓመት ከቤቷ ሰው ቀብራ ነበር። የምታወርደው ሙሾ የራሷ ነበር። አንዲት እናት «እህህ» ብለው ተቀበሏት፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሜዳው ሁሉ። ዱላ ይዘው የቆሙት ዐሥሩ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ጠፋባቸው፤ ከዚያም አንደኛው በቀስታ መሬቱን መምታት ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። በዚያን ጊዜ ሰው ስለዚያ በሽታ በቤቱ አይናገርም ነበር፤ ሬሳ ሲወጣ «ሳንባ ነው» ይባል ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ግን መንደሩ ያልተናገረውን በዜማ ተናገረው። መምህራኑ ያወጡት የማስተማሪያ ጽሑፍ ያንን አላደረገም፤ ንግግሩም አላደረገውም።

ከዚህ ጋር የማነጻጽረው አንድ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ትውስታ አለኝ፤ ባጭሩ ልናገረው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ቡድን ነው፤ ስሙን ትቼዋለሁ። «ሙዚቃዊ ፍቅር» ይላል ማስታወቂያው። ዋና ተዋናይቱ የመለያየት ዘፈኗን ስትጀምር ድምፁ የሚወጣው ከሲዲ ነበር፤ እርሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በመካከሉ መብራት ጠፋ። ዘፈኑም ቆመ። ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ከኋላ «በራስሽ በይው እንጂ፣ እንሰማሻለን!» አላት። ግጥሙን አታውቀውም ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ ሻማና ያለ መሲንቆ ሌሊቱን ሊያነጋ የሚችል ስንት ሰው እንዳለ ብታውቅ ኖሮ፣ አንዱን ትጠራው ነበር።

ሦስተኛው «ሳራፊና» ነው። እውነቱን ለመናገር ያየሁት ፊልሙን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን፣ ያውም በአንድ ብር ቪዲዮ ቤት ውስጥ። ነገሩ ከፊልም በፊት መድረክ ላይ የነበረ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ምቦንጌኒ ንጌማ እ.ኤ.አ. በ1987 በጆሃንስበርጉ ማርኬት ትያትር አቀረበው፤ በሙዚቃውም ሂዩ ማሴኬላ አለበት። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1976 በሶዌቶ ስለ ተነሡት ተማሪዎች ነው። እንግሊዝኛው ለኛ አይገባንም ነበር፤ ኮሳ ይሁን ዙሉ መለየትማ ከየት መጥቶ። ሆኖም በየትኛው ዘፈን ልጆቹ እንደሚፈሩ፣ በየትኛው እንደሚደፍሩ ሁላችንም እናውቃለን። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የነበረው የሊስትሮ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሰውዬው ዘፈኑን ከተማሪዎቹ አፍ፣ ከቀብር ሰልፋቸውና ከቤተ ክርስቲያናቸው ነው የወሰደው። ለንደን ሄዶ አልተዋሰም፤ ኋላ ግን ኒው ዮርክ ራሷ ወስዳ አሳየችው።

«ለዚህ እኮ ገንዘብና አዳራሽ ያስፈልጋል» ለሚለኝ ደግሞ የኬንያውን ካሚሪቱ እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በሊሙሩ ገጠር «ንጋሂካ ንዴንዳ» የተባለውን ተውኔት በጊኩዩ ቋንቋ ሲያዘጋጁ፣ ጣራ የሌለውን መድረክ በእጃቸው የሠሩት የመንደሩ ገበሬዎችና ሠራተኞች ናቸው። ተዋንያኑም እነርሱ ናቸው፤ ዘፈኖቹም የእነርሱ። የቀድሞውን ዘፈን በትክክል አልጻፋችሁትም እያሉ ደራስያኑን ያርሙ ነበር። ተውኔቱ ጥቂት ሳምንታት ታይቶ ተከለከለ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ መንግሥት መድረኩን ራሱን አፈረሰው። ከሳንቃና ከሸንበቆ የተሠራ ነገር ይህን ያህል ካስፈራ፣ አቅም የለንም ማለታችን ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ዘፈንን የሚፈራ ባለ ሥልጣን እኛም አውቀናል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ እንዲጠፉ ካዘዘባቸው መካከል ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ይገኙበታል። መትረየስ የያዘ ጦር መሲንቆ የያዘን ሰው አሳድዶ ገደለ። ከገበያ ገበያ የሚዞር፣ ወሬን በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ የሚያደርስ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ጣሊያኑ ከኛ ቀድሞ ገብቶት ነበር።

ከኛ ቀድሞ ያልኩት በምክንያት ነው። የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍቱ መጡ። ፎርሙ ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚል መስመር አለ። ስጠይቃቸው ወዲያና ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ገበሬ በለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እጃቸውን አየሁት፤ የግራ እጃቸው ጣቶች የመሲንቆ ጭራ የሚጫን ሰው ጣቶች ነበሩ፣ ሞፈር የሚይዝ ገበሬ መዳፍ አልነበራቸውም። «አባቴ፣ አዝማሪ ብዬ ብጽፈውስ?» አልኳቸው። «ሰው ያየዋል» አሉ። ገበሬ ብዬ ጻፍኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ለአገራችን ሙዚቃዊ ተውኔት መቀጨጭ አዳራሽን፣ በጀትን፣ መብራት ኃይልን ተጠያቂ የሚያደርግ ጽሑፍ ሳነብ አልረካም። መድረኩን ብንሠራውስ፣ በዚያ መድረክ ላይ ለመቆም የሚበቃው ሰው ሙያውን በሹክሹክታ እንኳ የማይናገር ከሆነስ? ለካስ ችግሩ የሳንቃ አይደለም። ቅኔውን እናከብራለን፤ ዋሸራንና ጎንጅን እንጠራለን፤ ያንኑ ቅኔ በመሲንቆ የሚያወርደውን ሰው ግን ከጠጣን በኋላ ካልሆነ በስተቀር ወንበር አናቀርብለትም።

ይህ የግጥም ሰዎችንም ይመለከታል። በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ራስ ሆቴል የተጀመረውን «ጦቢያ ግጥምን በጃዝ» አንድ ጊዜ ለሥልጠና በሄድኩበት አጋጣሚ አይቻለሁ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ግጥም በሙዚቃ ሲታጀብ ሰው ገንዘብ ከፍሎ እንደሚመጣ ያየሁት በዚያ ምሽት ነው፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በሳክስፎን የታጀበ ግጥም ሲሆን «ጥበብ»፣ በመሲንቆ የታጀበ ግጥም ሲሆን «ጭፈራ» የሚባልበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ከታዋቂ ገጣሚዎቻችን አንዱ በዕውቀቱ ሥዩም የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ማንኩሳ ደግሞ ለፍኖተ ሰላም ጎረቤት ናት። የዚያ አገር ሰው ቀልድና ኀዘንን በአንድ ስንኝ የሚያስረው ከየት ተምሮ ይመስላችኋል?

ማንኩሳ ካልኩ ዘንድ ምኞቴን ልናገር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው። ሬዲዮ ላይ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ያደመጡት አባቶቻችን እስከ ዛሬ ያነሡታል፤ በቴሌቪዥንም ተሠርቷል። እኔ የምመኘው ሙዚቃዊ ተውኔት ሆኖ፣ እዚሁ፣ በሜዳ ላይ እንዲታይ ነው። ሙዚቃው እኮ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ማውጣት ብቻ ነው የሚቀረው። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የድጓና የቅኔ ልጅ ነው፤ የእርሱ ቋንቋ ዜማ ነው፣ መቋሚያና ጸናጽል ነው። አበጀ በለውና ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡ የሚያስፈልጋቸው ሽለላና ቀረርቶ ነው፤ ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ሠላሳ ገበሬ ብትሰበስብ ማለማመድ አያሻህም። ፊታውራሪ ራሳቸው ፉከራ ይወዳሉ፤ ያላቸውም የቀራቸውም እርሱው ነውና። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከቤት ስትወጣ ደግሞ መሲንቆ ብቻ፤ እንደዚያች የአዝማሪ ሚስት ድምፅ፣ ግጥም ሰጪ የሌላት።

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። የዛሬውን ስም ያወጡላት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በቡሬ አድርገው በዚህ መንገድ አልፈዋል። «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ስሙን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀበትና ጦርነቱ ወደ ከተማችን ከገባበት ጊዜ ወዲህ፣ እኔ ያየሁት የሌሊት ሠርግ ዓይነት እየቀረ መጣ፤ ሰው በቀን ድሮ በጊዜ ይበተናል። አዝማሪ የሚሠራው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በየገጠሩ ሁለት ወገን እየተኳረፈ በሚያድርበት ሰዓት፣ የሁለቱንም ነገር በአንድ መሲንቆ የሚቀበል ሰው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ሽማግሌው ለወር ገደማ ጠፍተው ተመለሱ፤ አራት መቶ ብር ሊያስገቡ። ስለ ተውኔቱ ሐሳቤን ነገርኳቸው። መጽሐፉን በሬዲዮ ሰምተውታል፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። የበዛብህን ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአበጀን ሰሙ፣ ወደዱት።

«ጉዱ ካሣስ ምን ይዘፍናል?» አሉኝ።

«እርሱ እንኳ የንግግር ሰው ነው፤ አይዘፍንም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሰውዬውን አላወቅኸውም፣ ልጄ። ያበደ ነው ብለው የተዉት ሰው ነው እንጂ ማን ሊዘፍን ነው?»

መሲንቆው አብሯቸው አልነበረም። ደብተሩን እስክመልስላቸው ድረስ በጣታቸው የመስኮቱን ጠርዝ እየመቱ፣ የጉዱ ካሣን አገባብ በአንቺ ሆዬ ቅኝት አንጎራጎሩልኝ። ከኋላቸው ስድስት ሰው ተሰልፎ ነበር።